እትዬ ቶሎ በዓሣ ነባሪው ሆድ ውስጥ

ወሬው እንዲህ ይላል። እትዬ ቶሎ፣ ያቺ የማዕዘኑ ፀጉር ሠሪ፣ ቅዳሜ ዕለት የአንዲት ሙሽራን ግማሽ ራስ ሠርታ ግማሹን እንደተንጨባረረ ትታው ወደ መዝናኛ መናፈሻው በረረች። ሙሽራይቱም ምርጫ አልነበራትምና የፀጉር መጠቅለያው ቢጎዲን ራሷ ላይ እንደተጠቀለለ፣ ቬሏን በክንዷ ይዛ ተከተለቻት። እትዬ ቶሎ ታዲያ ሙሽራይቱን እዚያ ሰማይ ጠቀስ ተሽከርካሪ ጎማ ላይ አሳፍራ፣ ደመና እየታከካቸው፣ የቀረውን ግማሽ አየር ላይ ሠርታ ጨረሰችላት። ከላይ የወደቀች አንዲት የፀጉር ማስያዣ የአንድ ሰውዬ አይስክሬም ላይ ተተከለች። ሰውዬውም ማስጌጫ መስላው በላት።

ወሬውን ጠረጴዛችን ላይ ያስቀመጠው የካፌያችን አስተናጋጅ ነው። ሬዲዮ እንለዋለን፤ ከእውነተኛው ሬዲዮ የሚለየው መዝጊያ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ በዓይኑ ያየ ሰው ነው የነገረኝ» አለኝ፣ የማኪያቶዬን ግማሽ ማስቀመጫው ላይ እያፈሰሰ።

«ምን ያህል ከፍ ብለው ነበር?»

«ኧረ ተወኝ! አሞራ ነው በሥራቸው ያለፈው።»

«ሙሽራውስ?»

«ታች ቆሞ ‹ሚስቴን አውርዱልኝ› እያለ ሲጮህ ነበር አሉ። ገና ሚስቱ አልሆነችም እኮ፣ ጋሼ! እኔን የገረመኝ እሱ ነው።»

ሰኞ አንድ የነበረችው ሙሽራ ረቡዕ ላይ ሁለት ሆነች። ሐሙስ ሚዜዎቹም ጎማው ላይ ወጡ። ዓርብ ድረስ ብንታገሥ ኖሮ ሠርጉም እዚያው ተደግሶ፣ እኛ ሳንጠራ በመቅረታችን ተቀይመን እናርፍ ነበር።

እኔ ግን አላመንኩም። ያላመንኩት ከፍታውን አይደለም፤ ከፍታ በወሬ ላይ ሁልጊዜ ይጨመራል። ያላመንኩት ግማሽ ራስ የሚለውን ነው። ባለቤቴም እህቶቼም የእትዬ ቶሎ ደንበኞች ናቸው፤ ሴትዮዋን በደንብ አውቃታለሁ። አንድ ጊዜ ቧንቧ ፈንድቶ ሳሎኑ እስከ ጉልበት በውሃ ሲሞላ፣ የያዘቻትን ደንበኛ ወንበር ላይ ወንበር ደርባ አስቀምጣ ጨርሳታለች። ወንበሩ መንሳፈፍ ሲጀምር እንኳ «አትነቃነቂ» ነው ያለቻት። እንዲህ ያለች ሴት ግማሽ ራስ ትታ ወጣች ሲባል፣ ዓሣ ውሃ ጠልቶ ወደ የብስ ወጣ እንደማለት ነው።

ስለዚህ ጠየቅሁ። ብዙም አልለፋሁ። ባሏ የሊፍት ጠጋኝ ነው፤ የእኛ ሕንፃ ሊፍት ደግሞ ከሚሠራበት የሚጠገንበት ቀን ስለሚበዛ ከእሱ ጋር ከጎረቤቶቼ ይልቅ እንቀራረባለን። አማቷም ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ያገኙትን ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆሙ ያወራሉ። ከሁለቱ የሰማሁትን ገጣጥሜ ነው የምነግራችሁ፤ እኔ የጨመርኩት ትንሽ ጨው ብቻ ነው።

የእትዬ ቶሎ ሳሎን ከአንድ ኮሪደር አይሰፋም። ሦስት ወንበር፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ የራስ መታጠቢያ። መስታወቱ ጥግ ላይ ተሰንጥቋል፤ እዚያ የምትቀመጥ ደንበኛ ራሷን ባለ አንድ ዓይን ተኩል ሆና ታያለች። ሥራው ግን እንደ ፋብሪካ ነው። እትዬ ቶሎ አንድ ራስ ብቻ ይዛ አታውቅም። አንዷን ታጥባለች፤ እሷ ስትንጠፈጠፍ ሌላዋን ትጠቀልላለች፤ እሷን ካስክ ሥር ከትታ ሦስተኛዋን ታበጥራለች። «አንቺ እዚህ! አትነቃነቂ! አንቺ ደግሞ ነይ፣ ቶሎ ቶሎ!» ቅጽል ስሟን ያወጣላት ማንም የለም፤ ራሷ በቀን ሺህ ጊዜ ስትጠራው ለመድነው። ካስክ ሥር የተቀመጠች ሴት ያለ እሷ ፈቃድ አትነሳም። አንዲት ደንበኛ ምጥ ይዟት እንኳ «መጀመሪያ ይድረቅልሽ» ተብላለች ይባላል። ልጁ ሲወለድ ፀጉሩ አምሮበት ተጠቅልሎ ነበር።

አጠገቧ የምትቆም ረዳት አለቻት። እኩያዋ ናት፣ የመንታ ልጆች እናት፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ማስያዣ አቀብላለች። ከ«እሺ» እና ከ«ይኸው» ሌላ ቃል ስለማይወጣት ዝምታ ብለናታል። ዝምታ ታጥባለች፣ ትጠቀልላለች፣ ወለል ትጠርጋለች። ሙሽራ ግን ነክታ አታውቅም። ሙሽራ የእትዬ ቶሎ ብቻ ናት፤ ሙሽራ ስትመጣ ዝምታ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች።

ይህች ሁሉንም ቦታ ቦታ የምታስይዝ ሴት ቦታ ያጣችለት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጇ።

ከከተማው ጫፍ ያለው መናፈሻ እንደተከፈተ ልጅቷ አብዳ ነበር። መግቢያው የዓሣ ነባሪ አፍ ነው፤ ሰው በጥርሶቹ መካከል ነው የሚገባው። ውስጡ ሁሉ ባሕር ነው፦ ስምንት እጁን እያወናጨፈ ሰው የሚያሽከረክር የባሕር አውሬ፣ ከፏፏቴ አናት ላይ የሚወረወሩ ጀልባዎች፣ የሰመጠ መርከብ ውስጥ የተሠራ የጨለማ ቤት፣ ትልቁ ጎማ። መውጫው ጭራው ሥር ነው። ሲመሽ ደግሞ ዓሣ ነባሪው ከአፍ እስከ ጭራ በመብራት ይነድዳል ይባላል። እናቷ «በሚመጣው ቅዳሜ» አለቻት። ቅዳሜው መጣ፤ ከቅዳሜው ጋር ሙሽራ መጣች። ሌላ ቅዳሜ ተቀጠረ። ልጅቷ ጫማዋን አድርጋ፣ ኮፍያዋን ደፍታ በር ላይ ቆማ ሳለ ስልክ ጮኸ፤ ሌላ ሙሽራ። ልጅቷ ጫማዋን አወለቀች። አላለቀሰችም፣ አላኮረፈችም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ስለ መናፈሻው አንድም ጊዜ ጠይቃ አታውቅም።

የምታለቅስን ልጅ ያባብሏታል። መጠየቅ ያቆመችን ልጅ ምን ያደርጓታል?

«ልጅቷ እኮ አንቺን ማመን ትታለች» አላት ባሏ አንድ ቀን። «ነገ ‹ፀሐይ ወጥታለች› ብትያት መስኮት ከፍታ ነው የምታረጋግጠው።»

 

እትዬ ቶሎ እሑድ ምሳ ላይ ተነሥታ አወጀች። «በዚህ ቅዳሜ መናፈሻ እንሄዳለን። አለቀ!»

ልጅቷ ከሳህኗ ቀና ሳትል «እንደፈለጋችሁ» አለች።

የቀረው ጥያቄ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩ ነበር። መናፈሻው ሁለት ዓይነት የእጅ ማሰሪያ ይሰጣል፦ ሰማያዊው እስከ እኩለ ቀን፣ ቀዩ መብራቱ እስኪጠፋ።

«ቀዩን» አለ ባሏ።

«ሙሉ ቀን? ምን ልንሠራ? ልናርስ?»

«ልንዝናና።»

«መዝናናት ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ሊፍት ጠጋኙ አሰበ። በሥራው ሰዎች ሁልጊዜ «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ይሉታል፤ እሱም ሁልጊዜ «ሲያልቅ ያልቃል» ይላል። ሚስቱን ግን እንዲህ ብሎ መመለስ አልደፈረም።

«ሰማያዊው ይበቃል» አለች እትዬ ቶሎ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ትንሽ ሙሽራ አለችኝ።»

ማንኪያዎች ሁሉ ቆሙ።

«ትንሽ ሙሽራ ደግሞ ምን ዓይነት ናት?» አሉ አማቷ።

«ፀጉሯ አጭር ነው፣ እማማ። ቶሎ ታልቃለች። እናቷን ታውቋት የለ፣ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ዘመዷ ነው፤ እሷ ከተቀየመች ሳሎኔ የሸረሪት መኖሪያ ነው የሚሆነው። ግን አትስጉ፣ ሁሉንም አስቤዋለሁ።»

የጨው ዕቃውን፣ የውሃ ብርጭቆውንና ሁለት ሹካ አሰለፈች። ሰው መናፈሻ ውስጥ የሚያልቀው ጨዋታ ላይ ሳይሆን ሰልፍ ላይ መሆኑን አስረዳች። ሰልፍ ማለት ካስክ ማለት ነው። እሷ ደግሞ መቼ ነው ካስክ ሥር ተቀምጣ ሲደርቅ የጠበቀችው? ሰው አስቀምጣ ወደ ሌላው ትሄዳለች እንጂ!

«የጨው ዕቃው እርስዎ ነዎት፣ እማማ። እንደገባን የፏፏቴው ሰልፍ ላይ ይቆማሉ። ብርጭቆው» ባሏን በዓይኗ ጠቆመችው፣ «የጎማው ሰልፍ ላይ ይቆማል። እኔና ልጄ አውሬው ላይ ተሽከርክረን ስንወርድ እርስዎ ሰልፉ ጫፍ ደርሰዋል። እኛ ቦታዎን እንረከባለን፣ እርስዎ ወደሚቀጥለው ሰልፍ ያልፋሉ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሁሉን ጨርሰን በጭራው እንወጣለን።»

«እኔስ መቼ ነው የምሳፈረው?» አሉ አማቷ።

«እርስዎ? ፏፏቴ ላይ?»

«አይ፣ ለነገሩ ጠየቅሁ እንጂ» አሉና የጨው ዕቃውን በትካዜ ተመለከቱት።

ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ነባሪው አፉን ሲከፍት የመጀመሪያዋ ጉርሻ እትዬ ቶሎ ነበረች። ሰማያዊ ማሰሪያቸውን አጥልቀው እንደገቡ ቤተሰቡን ግራና ቀኝ በተነችው። አማቷን የእጅ ቦርሳቸውን አስይዛ ፏፏቴው ሥር አቆመቻቸው። «እማማ፣ ዓለም ቢገለበጥ ከዚህ ሰልፍ እንዳይወጡ!» «እሺ ልጄ።» ባሏን ወደ ጎማው ላከችው። ልጇን በእጇ ጎትታ ወደ ባለ ስምንት እጁ አውሬ ሮጠች።

በመጀመሪያ ነገሩ ሁሉ እንደ ቅቤ ሄደ። ከአውሬው ወደ መርከቡ፣ ከመርከቡ ወደ ትናንሾቹ ሻርኮች። «ውጪ! ቀበቶሽን ፍቺ! ነይ ቶሎ! እዚህ ቁሚ! አትነቃነቂ!» ልጅቷ ትቀመጣለች፣ ትሽከረከራለች፣ ትወርዳለች፣ ትጎተታለች። ከመርከቡ ጨለማ ቤት ሲወጡ አንድ የፕላስቲክ አፅም ገና ሊያስፈራራቸው ሲዘጋጅ እትዬ ቶሎ «አንተ ደግሞ ዞር በል!» ብላ አልፋዋለች። አፅሙ እስካሁን አልተጽናናም ይባላል።

ሻርኮቹ ላይ ቀበቶዋን ስታጠብቅላት ልጅቷ የእናቷን እጅ ያዘችና «እማዬ፣ እኔ ቢጎዲን ነኝ?» አለች።

«ምን?»

«ትጠቀልይኛለሽ፣ ታስቀምጪኛለሽ፣ ትፈቺኛለሽ።»

እትዬ ቶሎ ሳቀች። ከዚያ ሻርኩ ልጅቷን ይዞ ሲሄድ ሳቋ ፊቷ ላይ እንደተጣበቀ ቀረ፤ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

ወደ ፏፏቴው ሲደርሱ አማቷ የሉም። ሰልፉን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አዩት። የሉም። ስልካቸው ይጠራል፤ አያነሱም። እትዬ ቶሎ ሰልፈኛውን ሁሉ አንድ በአንድ እያገላበጠች ሳለ፣ ከላይ፣ ከፏፏቴው አናት፣ አንድ የሚያውቁት ድምፅ «ወየውውው!» እያለ ወረደ። ጀልባው ውሃውን ሰንጥቆ ሲቆም ከፊተኛው ወንበር ላይ አማቷ ተነሡ። ከላያቸው የሚንጠባጠበው ውሃ አንድ አነስተኛ የአትክልት ቦታ ያጠጣል። የእጅ ቦርሳቸውን ዘቅዝቀው ውሃውን አፈሰሱት።

«እማማ! ምን ሆነው ነው?»

«ምን ሆንኩ? ‹ከሰልፉ እንዳይወጡ› አልሽኝ፤ አልወጣሁም። ሰልፉ ነው ወስዶ ጀልባው ላይ ያስቀመጠኝ። ከጀልባው ስወርድ ያው ትእዛዝሽ ትዝ አለኝና ተመልሼ ተሰለፍኩ።»

«ስንት ጊዜ?»

«እኔ ልቆጥር ነው የመጣሁት? በይ ልቀቂኝ፣ ሰዉ እየቀደመኝ ነው!»

ሴትየዋ ቤታቸው ውስጥ ደረጃ ሲወጡ ሁለት ሰው የሚደግፋቸው ናቸው። አሁን ቀሚሳቸውን ሰብስበው እንደ ኮረዳ ወደ ሰልፉ ጅራት ሮጡ። ልጅቷ አያቷን አይታ እየሳቀች ባለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። እትዬ ቶሎ የልጇን ሳቅ በዚህ መጠን የሰማችው መቼ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረች፤ ትዝ ሊላት ሲል ስልኳ ጮኸ።

ዝምታ ነበረች። «እትዬ፣ ሙሽራዋ መጣች።»

«አሁን? ቀጠሮዋ እኮ ዘጠኝ ሰዓት ነው!»

«ፎቶ አንሺው ብርሃኑን አሁን ነው የምፈልገው ብሏል። እናቷ፣ አክስቶቿ፣ ሁሉም መጥተዋል። ወንበር አልቆባቸው መታጠቢያው ላይ የተቀመጠች አለች።»

ዝምታ በስምንት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው፤ እትዬ ቶሎ የነገሩን ክብደት የተረዳችው ከዚህ ነው። በሐሳቧ ታክሲ ያዘች፣ ደረሰች፣ መቀስ አነሳች። ልጇን ልትጠራ ዞር ስትል ልጅቷ ከመሬት ተነሥታ ልብሷን እያራገፈች ነው።

«እሺ» አለች ልጅቷ። «ገባኝ። የጭራው በር በዚያ ነው።»

ለመሄድም ዞረች። ቂም የለባትም፣ ልመና የለባትም። አውቶቡሱ እንደሚዘገይ ቀድሞ የሚያውቅ ተሳፋሪ ትመስል ነበር። እትዬ ቶሎ የልጇን ጀርባ አየች። ልጅቷ ሄዳ ሄዳ ከእነ ሻርኮቹ መታጠፊያ ስትደርስ፣ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ ዞር አላለችም፤ እናቷ እንደምትከተላት እርግጠኛ ነበረች። ሙሽራ ስላለች።

በዚህ መሃል ከጎማው ሥር ባሏ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ይጮሃል። «ተራችን ደርሷል! ትመጣላችሁ ወይስ እኔ ልውጣ? እኔ ሽቅብ መውጣት ሥራዬ ነው፤ በዕረፍት ቀኔ አልወጣም!»

እትዬ ቶሎ ሮጠች። ታክሲ ወዳለበት አይደለም። መታጠፊያው ላይ ልጇን በክንዷ ያዘቻትና ወደ ጎማው ይዛት ሄደች፤ ስልኩ ገና ጆሮዋ ላይ ነበር።

«ዝምታ! አንቺ ትሠሪያታለሽ።»

ከወዲያ በኩል ዝምታ ጠየቀች። «እኔ?»

«አንቺ! ስልኩን መስታወቱ ላይ አቁሚውና ካሜራውን ክፈቺው፤ እኔ ከዚህ እመራሻለሁ።»

የሚቀመጡበት ሳጥን ተዘጋ፣ ጎማው ተንቀሳቀሰ። እናትና ልጅ ወደ ላይ፣ ሊፍት ጠጋኙ ታች። እትዬ ቶሎ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አቁማ ሥራ ጀመረች። «የግራውን አንሺው! አይደለም፣ የእሷን ግራ! አሁን ጠምዝዢው፣ እንደዚህ፣ እንደዚህ!» እያለች ሁለት እጇን አየር ላይ ታጠማዝዛለች፣ የሌለ ማስያዣ ከአፏ አውጥታ የሌለ ራስ ላይ ትሰካለች፣ ወደ ኋላ ዘንበል ብላ ዓይኗን አጥብባ ባዶ አየር ትመረምራለች። ታች ያለው ሕዝብ ጨዋታውን ትቶ ቀና ብሎ ማየት ጀመረ። አንዱ «ሙሽራ ነው የምትሠራው!» አለ። ድምፅዋን ሰምቶ ነው፤ ድምፅዋ እንኳን ከጎማ ላይ ከጨረቃ ላይም ይሰማል። እንግዲህ የእኛ ሬዲዮ ጣቢያ ሥርጭቱን የጀመረው ከዚህ ነው።

የጎማው አናት ላይ ሲደርሱ ከስልኩ ውስጥ ዝምታ ተናገረች።

«እትዬ።»

«አቤት! ጠምዝዢው አልኩሽ እኮ!»

«ልዝጋው? እየረበሽሽኝ ነው።»

ዘጋችውም።

እትዬ ቶሎ ሁለት እጇ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረች። ስልኩን አየችው፣ ጠቆር ብሏል። ልጇን አየቻት። ከበታቻቸው ዓሣ ነባሪው ተጋድሟል፤ ከተማው ከወዲያ ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ ከፏፏቴው በኩል «ወየውውው!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሊነኩት የሚችሉት ራስ የለም፣ ሊያስቀምጡት የሚችሉት ሰው የለም፣ ጎማው እንኳ «ቶሎ» ቢሉት አይሰማም። ባሏ ሲናገር «ሚስቴን ቁጭ ብላ ያየኋት በሕይወቴ ያኔ ብቻ ነው፤ እሱንም ከታች ሆኜ በሩቁ ነው» ይላል።

«ዘጋችብሽ?» አለች ልጅቷ።

«ዘጋችብኝ።»

«ዝምታ?»

«ዝምታ!»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። ሳቁ በጣቶቿ መሃል አመለጠ፤ እናቷንም ያዛት። ሳጥኑ እስኪወዛወዝ ሳቁ። ሲበርድላቸው ልጅቷ የእጇን ማሰሪያ እያዞረች፣ ዓይኗን ከእሱ ሳታነሳ ጠየቀች።

«ስንት ሰዓት ነው የምንቆየው?»

ጥያቄው ቀላል ነው። እትዬ ቶሎ ግን ልጇ ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ መናፈሻው የጠየቀቻት የመጀመሪያው ጥያቄ መሆኑ ገባት። መጠየቅ ጀምራለች ማለት ነው።

«ሙሉ ቀን።»

ልጅቷ አላመነችም። ደግሞ ምን ታድርግ? ከጎማው ወርደው ወደ ማሰሪያ መለወጫው ክፍል ሲሄዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ ነው የተከተለችው። ሠራተኛዋ ሰማያዊውን ከእናቷ እጅ ቆርጣ ጣለች። ቀዩን አዞረች፣ አጣበቀች። ልጅቷ ቀረብ ብላ የእናቷን እጅ በሁለት ጣቷ ያዘችና ማሰሪያውን ሳብ አደረገችው። አልተላቀቀም። ያኔ የራሷን እጅ ዘረጋች።

ከዚያ በኋላ ዕቅድ የሚባል ነገር አልነበረም። አማቷ በፈቃዳቸው ፏፏቴው ላይ ቀሩ፤ ጀልባ አሳፋሪው «እናቴ» ሊላቸው ጀምሯል። ባሏ ከጎማው ሠራተኛ ጋር ስለ ሞተር ጨዋታ ይዞ ወንበር ተሰጠው። እትዬ ቶሎ ግን ወግ ደርሷት ፏፏቴው ላይ እንደ ሰው ተሰለፈች። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ጫፉ ላይ የቆመው ሰው ሲሰለፍ ጢም ያልነበረው ይመስል ነበር። ሰልፉ ላይ ልጅቷ ማውራት ጀመረች። ስለ አስተማሪዋ፤ አስተማሪዋ ሲናደዱ አንድ ቅንድባቸው ብቻ እንደሚነሳ። ከጓደኛዋ ጋር ተጣልታ በሦስተኛው ቀን ለምን እንደተጣሉ ረስተው እንደታረቁ። ዋና መማር እንደምትፈልግ፤ ለመጠየቅ ግን «ምን ያደርጋል» ብላ እንደተወችው። እትዬ ቶሎ ሁለት ጊዜ «ቶሎ ጨርሺውና» ልትል አፏን ከፈተች፤ ሁለት ጊዜም አየር ውጣ ዘጋችው። ተራቸው ሲደርስ ልጅቷ ወሬዋን ስላልጨረሰች፣ ከኋላ ያሉትን አሳልፈው እነሱ ትንሽ ቆዩ። ይህን የነገሩኝ አማቷ ናቸው፤ እኔ እስካሁን የማላምነው ደግሞ ይህንን ብቻ ነው።

ሲመሽ ዓሣ ነባሪው በራ። አማቷ ብርድ ልብስ ተውሰው እንደ ሻምፒዮን ተጠቅልለው ቆመው ነበር። ሁሉም ቀና ብሎ አየ፤ ማንም «እንሂድ» አላለም።

ሙሽራይቱስ? ሙሽራይቱ አምሮባት ተድራለች። ዝምታ በሯን ዘግታ፣ አክስቶቹን ወደ ውጭ አስወጥታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «አትነቃነቂ» አለች። ፀጉሩ ወደ ግራ ትንሽ አዘንብሎ ነበር። የሙሽራይቱ እናት ወዲያና ወዲህ ዞረው አዩትና «አዲስ ፋሽን ነው» ብለው ፈረዱ። በሳምንቱ የሰፈሩ ሴቶች እኩሌታ ራሳቸው ወደ ግራ አዘንብሎ ይሄዱ ጀመር፤ ታክሲዎቹም ወደ ግራ አዘነበሉ። አሁን ዝምታ የራሷ ወንበር፣ የራሷም ሙሽሮች አሏት። «እሺ» እና «ይኸው» ላይ ሌላ ቃል ጨምራለች። «ልዝጋው?» ትላለች፤ እትዬ ቶሎም ዝም ትላለች።

ይህን ሁሉ ሰብስቤ ከራሷ ከእትዬ ቶሎ አፍ ልስማው ብዬ ትናንት ሳሎኑ ሄድኩ። ባለቤቴን ልጠብቅ የመጣሁ መስዬ የተሰነጠቀው መስታወት ጋ ተቀመጥኩና የሬዲዮን ወሬ አንድም ሳላስቀር ተረክሁላት፤ ግማሹን ራስ፣ ቬሉን፣ ደመናውን፣ ሙሽራውን፣ አይስክሬሙን። እትዬ ቶሎ የያዘችውን ራስ አልለቀቀችም። ሰምታ ሰምታ ስጨርስ ማበጠሪያውን ወደ እኔ ቀሰረችው።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ። ግማሽ ራስ ትቼ አልወጣሁም፤ የጀመርኩት ራስ አልነበረም። ጎማው ላይ ሙሽራ አልነበረችም፤ ልጄ ነበረች። ሙሽራው ታች ቆሞ አልጮኸም፤ የጮኸው ባሌ ነው። አይስክሬም የበላ ሰውዬ አላየሁም። ቅዳሜ ዕለት የማንንም ፀጉር በእጄ አልነካሁም፤ ሥራ ላይ አልነበርኩም።»